አለሁልህና የጋሽ ይመር ጉርሻ

ጋሽ ይመር እንድሪስ ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀው ለቅሶ ቤት ነው። ሟቹን ትተው ለእሱ ያለቀሱ ነበሩ ይባላል። አንዷ አልቃሽማ ስሙን አስገብታ ሙሾውን ጀምራው ነበር፤ ዓይኑን ሲገልጥ ደንግጣ ወደ ሟቹ ተመለሰች።

የጣለው ስኳሩ ወርዶ ነው። ሆዱ ላይ የተለጠፈች የክብሪት ቀፎ የምታክል ፓምፕ ኢንሱሊን ትሰጠዋለች። ፓምፗን የምታዛት «አለሁልህ» የምትባል መተግበሪያ ናት። አለሁልህ ደግሞ የይመርን ኑሮ የምትከታተለው ቀኝ እጁ ላይ በታሰረ አምባር ነው። እጁ ወደ አፉ በሄደ ቁጥር አንድ ጉርሻ በላ ብላ ትመዘግባለች፣ ለዚያች ጉርሻ የሚሆን ኢንሱሊን ታዛለች፣ ፓምፗም «ጥቅ» ብላ ታደርሳለች። ይመር ስለ ራሱ ሕመም የሚወስነው አንዳች ነገር የለም። የኮምቦልቻ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ከተማው ውስጥ ሐኪም በአካል አይቻለሁ የሚል አንድ ሽማግሌ ነበረ፤ እሱም ያየው መንገድ ሲሻገር ነው አሉ።

አለሁልህ ውድቀት ትቆጥራለች። አንዴ የወደቀን ትመክረዋለች። ሁለቴ የወደቀን የቤቱን በር ከውጭ የመክፈት ፈቃድ ትወስድበታለች። ሦስተኛ ለወደቀ ሾፌር የሌላት ነጭ መኪና ትመጣና ከሐይቅ ማዶ ወዳለው የሙሉ እንክብካቤ መንደር ትወስደዋለች፤ እስኪስተካከል። ከይመር ቤት ፊት ለፊት የሚኖረው ጎረቤት እዚያ ከርሞ ተመልሷል። ጤናው ግሩም ነው። ጠዋት በር ላይ ወንበር ያወጡለታል፣ ማታ ያስገቡታል፣ ሰላም ካሉት ሰላም ይላል። ካላሉት አይልም።

ይመር መንደሩን በሌላ ጊዜ ቢሆን ሄዶ ይስቅበት ነበር። አሁን ግን እሑድ የነጃት ሠርግ ነው። የመጨረሻ ልጁ ናት። ከለቅሶው ቤት ደግፈው ሲያመጡት አልጋው ላይ ሆኖ ለሚስቱ ለከዲጃ አንድ ነገር ብቻ ነገራት።

«እሑድ በእግሬ ቆሜ፣ በእጄ አጉርሼ ነው ልጄን የምድራት። መኪናዋ ብትመጣም ቆማ ትጠብቀኛለች።»

«መጀመሪያ ቁጭ ማለት ቻል እስቲ» አለች ከዲጃ፣ ትራሱን እየደገፈችለት።

ይመር አውቶቡስ በሰው ይነዳ በነበረ ጊዜ የደሴ መስመር ሾፌር ነበረ። የሀረጎን ተራራ ጠመዝማዛ ፍሬን ተበጥሶበት ወርዷል ይባላል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቶ ስለነበር ምስክር የለውም። ስለዚህ ብልሽት ሲገጥመው ከዳር ጀምሮ መፈተሽ ያውቃል። በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አለሁልህን ጠራት።

«ሰላም ይመር። አለሁልህ» አለች። ድምፅዋ የልጅ ልጁን ያክላል፤ እሱን ግን አንተ ነው የምትለው።

«አለሽልኝ እንጂ! ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አገኘሽኝ።»

«ችግሩን አብረን እንፈልገዋለን። ቱቦው ታጥፏል?»

«አልታጠፈም።»

«በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ይታይሃል?»

ቱቦውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ በአንድ ዓይኑ አየው። «ውኃ ነው የሚመስል። ንጹሕ ነው።»

«መርፌው የገባበት ቦታ ቀልቷል፣ አብጧል ወይስ ረጥቧል?»

«ደረቅ ነው። ቆዳዬ ነው።»

«ኢንሱሊኑ ፀሐይ ላይ ውሎ ያውቃል?»

«እኔ እንጂ እሱ አልዋለም።»

«አሁን ጣትህን ወግተህ ለካ።»

ወጋ፣ ለካ። የጣቱ ደምና ክንዱ ላይ ያለው ሴንሰር አንድ ዓይነት ቁጥር ተናገሩ።

«በጣም ጥሩ ዜና አለኝ ይመር። መሣሪያው ምንም ብልሽት የለበትም። ብልሽቱ ከተጠቃሚው ነው። በዛሬው አገልግሎት ምን ያህል ረክተሃል?»

ይመር የተናገረውን ከዲጃ ለማንም አልደገመችም።

አላመናትም። ቱቦውን ለወጠ። ኢንሱሊን የሚሞላበትን ቀፎ ለወጠ። መርፌውን ከሆዱ ቀኝ አንሥቶ ወደ ግራ፣ ከግራ አንሥቶ ወደ ጭኑ አዞረው። ብቻውን ተቀምጦ በላ፤ ስኳሩ እንደ አስፋልት ለጥ አለ። ተኛ፣ ተነሣ፣ ተራመደ፤ ደህና ነው። ቤት ውስጥ ፓምፗ እንደ ሰዓት ትሠራለች። የጣለችው በነጃት ሽምግልና ቀንና በለቅሶው ቤት ነው፤ ሁለቴም ሰው መሐል።

ከዲጃ ይኼን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዓይን ነው!»

«ምን?»

«ዓይን ነዋ! ብቻህን ስትሆን ደህና፣ ሰው መሐል ስትገባ ድፍት። ይኼ ማሽን ነው የሚሉት? ሰው ነው የጣለህ። አንተ ደግሞ ሰው ፊት ስትስቅ ጥርስህ ብዙ ነው።»

ይመር ሳቀባት፤ ግን ከሰዓት በኋላ ከአንገቱ ክታብ አሥራ ስታበቃ አልፈታውም። አለሁልህ ክታቡን አዲስ መሣሪያ መስሏት ስሙን ጠየቀችው። ከዲጃ ብሎ መዘገበላት።

ክታቡ ከታሠረ በኋላ እራት ላይ ተጣሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዲጃ «እሑድ ሰው ሲበላ አንተ ጓዳ ትቀመጣለህ፣ ዓይን አያይህም» አለች። እሱ እምቢ አለ። እሷ ሣህኗን ገፋ አድርጋ ፊቷን አዞረች። በዚያን ጊዜ ሰው የሚበላው እንዲህ ነው፦ የእያንዳንዱ ሣህን ለብቻው ተመዝኖ፣ ተሸፍኖ ይመጣል፤ አንዱ የሌላውን ቢነካ የሁለቱም ሒሳብ ይዛባል። ጉርሻ ከከተማው የጠፋው ማንም ሳይከለክለው ነው። ሰዉ ሒሳብ እንዳይዛባ ሲል እጁን ሰበሰበ፣ በቃ። ያልሰበሰበ አንድ ይመር ነው።

የይመር ጉርሻ ደግሞ ወሬ ያለው ነው። ድሮ ደሴ ላይ አንድ ረዳቱን አጉርሶት ልጁ ሐይቅ እስኪደርሱ ሒሳብ ሳይጠይቅ ሄዷል፤ ተሳፋሪው በነፃ ተጉዟል። ያጎረሰው ሰው እንባውን እየጠረገ ያመሰግነዋል፤ እንባው የምስጋና ይሁን የጭንቀት ማንም አልጠየቀም።

እና ሚስቱን ለማስታረቅ እንጀራውን ጠቀለለ፣ ምስሩን አስገባበት፣ እጁን ዘረጋ።

«ነይ እስቲ፣ ቢስሚላህ በይ።»

«አልፈልግም።»

«ክንዴ ሳይዝል።»

አፏን ከፈተች። አጎረሳት።

ጥቅ።

ሁለቱም ሰሙት። ከዲጃ አፏ ሞልቶ መናገር ስላልቻለች በዓይኗ ጠየቀችው። ይመር እንደ ሾፌር ጆሮውን ወደ ሆዱ አዘነበለ። ዝም። ደግሞ ጠቀለለ፣ ደግሞ አጎረሳት።

ጥቅ።

«ኧረ በቃኝ! ልትገድለኝ ነው?»

«ዝም ብለሽ አኝኪ፤ ምርመራ ላይ ነኝ።»

ደገመ። ጥቅ። ሠለሰ። ጥቅ። እሱ ከሣህኑ ገና አልቀመሰም። ብዙ ሳይቆይ ግንባሩ ላይ ላብ ጣል ጣል አለ፣ ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ከለቅሶው ቤት የሚያውቀው ብርድ ከጉልበቱ ተነሣ። እንጀራ ሊቆርስ ሞከረ፣ አመለጠው። ከዲጃ ጸቡንም ዓይኑንም ረስታ ከመድኃኒት ሻንጣው የስኳር ፍሬ አወጣች፤ ያን ጊዜ ስኳር የሚሸጠው ፋርማሲ ብቻ፣ በማዘዣ ነው። አፉ ውስጥ ጨመረችለት። ከዚያ በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችው። ደጋግማ አጎረሰችው።

ፓምፗ አልተነፈሰችም።

ይመር እያኘከ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ከምግቡ ጋር ተጣላና አሳለው። ነጃት ከሌላው ክፍል ሮጣ መጣች።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ሰው እየበላ እኔ ነኝ የምከፍል» አላት፣ የፓምፗን ጀርባ በጣቱ እየመታ። «እጄ ወደ አፍ ሲሄድ ታያለች። የማን አፍ እንደሆነ አታይም! እናትሽ በላች፣ መድኃኒቱን እኔ ወሰድኩ። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛውን ሁሉ አጎረስኩ፤ እነሱ ጠገቡ፣ እኔ ወደቅኩ።»

«እና ዓይን አይደለም?» አለች ከዲጃ፣ ትንሽ ቅር ብሏት።

«ዓይንማ ቢኖራት መች እወድቅ ነበር!»

አለሁልህን እንደገና ጠራትና አስረዳት። በትዕግሥት አዳመጠችው።

«ምግቡን ወደ ሌላ ሰው አፍ ትወስዳለህ» አለች። «ሰውየው ሕፃን ነው?»

«አይደለም።»

«እጅ የለውም?»

«ሁለት አለው።»

«እጆቹ ይሠራሉ?»

«ከእኔ ይሻላሉ።»

«ታዲያ ለምን ታበላዋለህ?»

«ደስ ስለሚለኝ» አለ ይመር።

«ደስታ በምርጫው ውስጥ የለም። ጥያቄህን ለማሻሻያ ክፍል ልኬዋለሁ። ምላሽ በሚቀጥለው ዓመት ይጠበቃል። እስከዚያ ሌላ ሰው እንዳታበላ እመክርሃለሁ።»

ሌላ መንገድ ሞከሩ። ነጃት «አምባሩን ለምን አታወልቀውም?» አለች፤ አምባሩ ከእጅ ከወጣ ፓምፗ ራሷን ቆልፋ ነጭ መኪናዋን ትጠራለች። «ወደ ግራ እጅህ አዙረው» አለች፤ አዞረው፣ አለሁልህ የሚበላበትን እጅ ታውቃለችና «መልሰው» አለችው። ነጃት ትንሽ አመነታችና፣ «ታዲያ... በግራ እጅህ ብታጎርስስ?»

ከዲጃ ልጅቷን እንደ እንግዳ አየቻት።

«በግራ?» አለ ይመር ቀስ ብሎ። «ሙሽራ? በግራ?»

«ይቅርታ አባዬ።»

«እንግዲህ ይቅርብህ» አለች ከዲጃ። «በዱዓ ሸኛት። አባት አይደለህ? ዱዓህ ይበቃል።»

«በዱዓም፣ በእጄም። አዳምጡኝ። እኔ ሳጎርስ መድኃኒቱ ለእኔ ይመጣል፣ ምግቡ ለሰው ይሄዳል። ሰው ሲያጎርሰኝ ምግቡ ለእኔ ይመጣል፣ መድኃኒት የለም። ስለዚህ የማጎርሰው ሁሉ መልሶ ያጎርሰኛል። ድሮም ደንቡ እንደዚያው ነበር፤ አጉርሰኸኝ ዝም የምል አልነበርኩም። እነዚህ የዘንድሮዎቹ ናቸው ተቀብለው አፋቸውን ጠርገው የሚሄዱት።»

«ማጎረስ ያውቃሉ ብለህ ነው?» አለች ነጃት።

«ይማራሉ።»

እሑድ ድንኳኑ ቦርከና ወንዝ ዳር ተተከለ። የሙሽራው የኑረዲን ወገኖች ከደሴ ወርደው መጡ። እናቱ ወይዘሮ ሩቂያ ከሁሉ ፊት ገቡ፤ ነጭ ጓንት፣ ነጭ ነጠላ፣ ቀኝ እጃቸው ላይ እንደ ይመር ያለ አምባር። ፓምፓቸውን ከቀሚሳቸው ጋር በአንድ ቀለም አሠርተውታል። ደሴ ውስጥ ለአለሁልህ የመሰከረላት እንደ እሳቸው የለም ይባላል። ሰዉ በየቦታው ተቀመጠ፤ የተመዘኑት ሣህኖች ዞሩ፤ አምባሮች አረንጓዴ በሩ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አቀርቅሮ መብላት ጀመረ። ድምፅ የለም። ሠርጉን ከደጅ ሆኖ ያዳመጠ ቢኖር ፈተና የሚፈተኑ ይመስሉት ነበር።

በዚህ መሐል ይመር ትልቅ ትሪ ተሸክሞ ገባ። ያልተመዘነ። እንጀራው፣ ከላዩ ወጡ፣ ዳቦው፣ ከጎኑ ከዲጃ ከወረኢሉ ያስመጣችው ማር። አንገቶች ተነሡ።

«ጋሽ ይመር!» አሉ ወይዘሮ ሩቂያ። «ይኼ ምንድን ነው? ንጽሕናውስ? ሒሳቡስ?»

«ጉርሻ ነው ወይዘሮ ሩቂያ። ሒሳቡን እኔ እችለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ያጎረስኩት ሁሉ ያጎርሰኝ። ካላጎረሰኝ እወድቃለሁ፣ መኪናዋ ትወስደኛለች። ተግባባን?»

የተግባባ አልነበረም፤ ግን ሠርግ ነውና እምቢ ያለም የለም። ከሙሽራው ጀመረ። ኑረዲን ጉርሻውን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ወንበሩ ግን ከምሰሶው ጋር ተጋጠመበት። ጎረሰ። ጥቅ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ጫፍ የተወሰነች ነገር ቆንጥሮ ወደ አማቱ አፍ ወረወረ።

ይመር አላመጠ። «ይኼ ጉርሻ ነው ወይስ ናሙና?»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀና ደነገጠ። ሚዜዎቹ ተከተሉ። ይመር ቡጢ የምታክል ይሰጣል፣ አተር የምታክል ይቀበላል። አንዱ ሚዜ አፉን ስቶ አገጩ ላይ ለጠፈለት፤ ሌላው ግራ ገብቶት ራሱ በላው። ጥቅ። ጥቅ። ጥቅ። የይመር አምባር ቢጫ ሆነ። ብርዱ ከጉልበቱ ተነሣ።

«ይመር፣ ስኳርህ እየወረደ ነው» አለች አለሁልህ፣ ሁሉም እየሰማ። «ለደኅንነትህ እርዳታ ጠርቻለሁ።»

ከድንኳኑ በር ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። የሚነዳት የለም። በሯ በራሱ ተከፈተ። ውስጧ አንድ አልጋ ተነጥፏል።

ወይዘሮ ሩቂያ ተነሡ። «ጋሽ ይመር፣ በዱዓ ቢያደርጉትስ? ይበቃዎታል እኮ።»

«ነጃትን አላጎረስኩም።»

ምሰሶውን በግራ ክንዱ አቀፈ። እስካልወደቀ ድረስ መኪናዋ አትነካውም፤ ደንቡን ያውቃል። ነጃት የሙሽራ ወንበሯን ትታ መጣች። ከዲጃ ክንዱን ከሥር ደገፈችለት። ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ጠቀለለ፣ ፈሰሰበት፣ ደግሞ ጠቀለለ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ቢስሚላህ» አለና አጎረሳት። ትንሽ አልነበረም። ነጃት ጉንጯ እስኪወጠር ተቀበለችው።

ጥቅ።

የይመር ጉልበት ተንበረከከ፤ ክንዱ ግን ምሰሶውን አልለቀቀም። ድንኳኑ ራሱ ሰገደ ይላሉ።

ነጃት በሒና ያጌጠ እጇን እስከ ክርኗ ገለጠች። ዳቦውን ቆረሰች፣ ማሩ ውስጥ ነከረችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና ነከረችው። የተሠራው ነገር ቡጢ ያክላል። ኑረዲን ያገባትን ሰው ገና አሁን ያየ ይመስል ዓይኑ ፈጠጠ።

«አባዬ፣ አፍህን ክፈት።»

«ይኼን... ሁሉ?»

«ያንተ ልጅ አይደለሁ? ክፈት!»

ከፈተ። ማሩ በአገጩ፣ በክታቡ ላይ ወረደ። ሳይውጠው ሌላ ጨመረችበት። ፓምፗ ዝም። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ማንም አልበላም፤ ሁሉም የአንድ ሽማግሌ ጉንጭ ሲሠራ ያያል። መኪናዋ በሯን ከፍታ ትጠብቃለች። ከዲጃ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። የይመር እጅ ምሰሶው ላይ ነጭ ሆኗል። ያኝካል፤ ይውጣል፤ ይቆማል።

ቀስ ብሎ ላቡ ደረቀ። አምባሩ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ።

«ግሩም ነው ይመር» አለች አለሁልህ። «ዛሬ ምግብህና መድኃኒትህ ተመጣጥነዋል። በዚሁ ቀጥል።»

የመኪናዋ በር ተዘጋ። ወደ ኋላ ወጥታ፣ ዞራ፣ ወደ ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። ባዶዋን።

ይመር ምሰሶውን ለቀቀ። አገጩን በመዳፉ ጠረገና ወደ ትሪው ዞረ። «እሺ፣ ማን ቀረ?»

ወይዘሮ ሩቂያ እንደቆሙ ናቸው። መኪናዋ የሄደችበትን አቅጣጫ ያያሉ።

«እኔ አንዴ ወድቄ ነበር» አሉ ለማንም ሳይሆን። «እናቴን ሳበላ። አልጋ ላይ ናት፤ በእጄ ካልሆነ አትበላም ነበር። ወደቅኩ። እሷን መንካት የለብሽም ተባልኩ። አሁን ማሽን ነው የሚያበላት። አፏን ቶሎ አትከፍትለትም።»

ወይዘሮ ሩቂያ ጓንታቸውን ከቀኝ እጃቸው አወለቁ፣ አጣጥፈው ለኑረዲን ሰጡት። ትሪው ላይ ጎንበስ ብለው ጠቀለሉ። እጃቸው አላመነታም፤ ያውቅበታል። መካከለኛ፣ ጥቅል ያለች፣ ወጥ የማታፈስ ጉርሻ ሠሩ።

«በሉ ጋሽ ይመር።»

ጎረሰ። ጥቅ አለ፤ ከይመር ሆድ አልነበረም። ወይዘሮ ሩቂያ ወገባቸውን ያዝ አድርገው ደንግጠው አዩት።

ይመር እያኘከ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ። ትልቁን እንጀራ መረጠ።

«አይዞዎት» አለ። «አፍዎን ይክፈቱ።»